ሃያ ሦስተኛው ችግኝ

ሰፈራችን ግቢዬን «ጫካው» ብሎ ነው የሚጠራው። የባጃጅ ልጆች ሳይቀሩ «ጫካው ጋ ላውርድሽ?» ይሉኛል። ወልድያ ውስጥ ደህና ግቢ ያለው ሰው የሚተክለው የታወቀ ነው፤ የተከረከመ ሣር፣ ጽጌረዳ፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት የፈረንጅ ጽድ። እኔም ቤቱን ስንይዘው ግቢውን ያገኘሁት እንደዚያ ሆኖ ነበር። ሣሩን በዶማ ገልብጬ፣ ጽዶቹን አስቆርጬ አጋምና ቀጋ መትከል ስጀምር ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «እህቴ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ።

ደህና ነበርሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ያደግሁት ሀብሩ ውስጥ፣ ግራና አጠገብ ነው። ልጅ ሆኜ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የማቋርጠው ቁጥቋጦ ዛሬ የለም፤ ተመንጥሮ፣ ታርሶ አልቋል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «ክትክታን የሚያውቅ እጁን ያውጣ» ብል ሁለት ልጆች ብቻ አወጡ፤ ሲጠየቁ እነሱም አያውቁትም። ያን ቀን እየተቃጠልሁ ወደ ቤቴ ገባሁ። እኔ ደግሞ ስናደድ ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም።

የአገራችን ያልሆነ አንድም ተክል ግቢዬ አይገባም ብዬ ወሰንሁ። ግራዋውን ከወንዝ ዳር፣ እንዶዱን ከዘመድ አጥር፣ ዳማከሴውን ከተማሪ እናት ለምኜ አመጣሁ። ወይራና ክትክታ ከችግኝ ጣቢያ በላስቲክ ገዛሁ። አልከረክምም፣ አላርምም፤ እንደ ዱሩ ይሁን ብዬ ተውሁት። ሰፈሩ ጮኸ። እባብ ታመጪብናለሽ አሉኝ፤ ጅብ ታስገቢብናለሽ አሉኝ፤ ከቀበሌ ሳይቀር አንድ ሰውዬ መጥተው የከተማ ውበት እንዳበላሸሁ ነገሩኝ። ተከራከርኋቸው። በሁለተኛው ዓመት ንቡም ወፉም መጣ፤ እባቡ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

አንድ የአስተማሪ አመል አለብኝ፤ ያልተጻፈ ነገር የተደረገ አይመስለኝም። ባለ ካሬ ደብተር ገዝቼ በመጀመሪያው ገጽ ግቢውን ሣልሁት፤ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱን፣ ቧንቧውን። እያንዳንዱን ተክል በክብ አድርጌ ቁጥር ሰጠሁት። በሚቀጥለው ገጽ በቁጥሩ ፊት ስሙንና የመጣበትን ቦታ እጽፋለሁ። የጦርነቱ ክረምት ሲገባ ቁጥሩ ሃያ ሁለት ደርሶ ነበር።

ሃያ ሁለተኛው ኮሶ ነው። ኮሶ የደጋ ዛፍ ስለሆነ እዚህ አይጸናም ብለውኝ ነበር፤ እውነትም ሁለት ሞተውብኛል። ሦስተኛውን አንዲት ባልደረባዬ ከደጋው በወተት ጣሳ ይዛልኝ መጣች። በጓሮው ጥግ ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርሁለት፤ የበሰበሰ ፍግ አለበስሁት። ደብተሩ ላይ ክቡን ሣልሁ፤ «22» ብዬም ጻፍሁ። ስሙን ግን አልጻፍሁም። ሁለቱን ቶሎ ጽፌ ቶሎ ስለሰረዝኋቸው፣ ይሄኛው መጀመሪያ ይጽና ብዬ ቦታውን ባዶ ተውሁት። የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ግን እንደዚህ ያለ ነገር እፈራለሁ።

በግቢዬ ከሁሉ የበለጠ የሚስቁብኝ አማቼ ነበሩ፤ የባለቤቴ አባት። መርሳ አጠገብ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። በዒድ ሊጠይቁን ሲመጡ ከበሩ ገብተው ይቆሙና ዙሪያውን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ልጄ፣ እኔ ወገቤ እስኪጎብጥ ስመነጥረው የኖርሁትን አጋም አንቺ ውሃ እያጠጣሽ ታሳድጊያለሽ? እኔ ጋ ብትመጪ በነጻ አሳጭድሽ ነበር» ይሉኛል። እኔም አልተዋቸውም። አንቱ የመነጠሩትን ነው የምመልሰው፤ ቶሎ ብለው ባያጠፉት ኖሮ እኔ ባልደከምሁ ነበር እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሲሄዱ ግን ዳማከሴ መቁረጣቸው አይቀርም።

ያን ክረምት ነሐሴ ሳይጋመስ ወሬው ከሰሜን እየቀረበ መጣ። ባለቤቴ አይሱዙ ነው የሚነዳው፤ ጭነት ይዞ ደሴ እንደሄደ መንገዱ ተዘጋ። በመጨረሻ ስልኩ ላይ ቤቱን ዘግተሽ ውጪ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ ጠፋ። ከተማው በእግሩም በመኪናውም ወደ ደቡብ ፈሰሰ። እኔ ነገ ነገ ስል ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር ለምን እንደቀረሁ ዛሬም አላውቀውም። ለኮሶው ነው ብል ይሳቅብኛል።

ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲወርድ አማቼ በተቃራኒው ከመርሳ ወደ ወልድያ በእግራቸው መጡ። በሩን ስከፍት ነጭ ጋቢያቸው በጭቃ ተለውሷል፤ በትከሻቸው ላይ ከአባታቸው የወረሱት ፈቃድ ያለው ምንሽር ጠመንጃ አለ። ብቻዋን ናት ሲሉኝ መቀመጥ አልቻልሁም አሉኝ። ሊጠብቁኝ ነው የመጡት። እግራቸውን እያጠብሁ አለቀስሁ፤ እሳቸው ደግሞ የሽማግሌ እግር ሽታ ነው የሚያስለቅስሽ ብለው ቀለዱብኝ።

በሁለተኛው ቀን ከተማው ተያዘ። ምን እንደሆነ የሚነግረን ሰው አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ ተኩስ ሰማን፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ መንገዱ ላይ የማናውቃቸው ታጣቂዎች ነበሩ። በማግሥቱ ወሬው ከቤት ቤት በአጥር ተሻገረ። ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው፤ መሣሪያ ይፈልጋሉ፤ መሣሪያ የተገኘበት ቤት ወንዱን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከላይኛው ሰፈር ሁለት ሰው ተወስዶ አልተመለሰም። ይህን የነገረችኝ ያችው ጎረቤቴ ናት። ጠመንጃው ቁም ሣጥን ጀርባ ተደግፎ ነበር።

ገብቼ ለአማቼ ነገርኋቸው። ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። ከዚያ የማሽላ ዱቄት ያላት ሴት ካለች ሂጂና ፈልጊ፣ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም አሉኝ። ዐሥር ሰዓት ግድም ነበር። ሁለት ቤት ዞሬ በጣሳ ዱቄት ይዤ ስመለስ እጃቸውን በቧንቧው ሥር ሲታጠቡ አገኘኋቸው። ፊታቸው ላይ የሠራውን ሥራ የወደደ ልጅ ዓይነት ነገር ነበር።

«እኔም አንድ ተከልሁልሽ» አሉኝ፣ ወደ ጓሮው ጥግ በአገጫቸው እያመለከቱ።

ከኮሶው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ቦታ አጥቼለት አጥር ሥር የተውሁት አንድ የክትክታ ችግኝ ተተክሏል። አፈሩ ተደልድሏል። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ልቤ ሞቀ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክትክታ ሲመነጥሩ የኖሩ ሰው ለእኔ ብለው ተከሉልኝ ብዬ ነዋ። ቀረብ ስል ግን ላስቲኩ ጠርዙ ከአፈሩ ወጥቶ ታየኝ። ከነላስቲኩ ነው የቀበሩት። ሥሩ ይታፈናል፣ አባባ፣ ይሄንንማ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል ብዬ እየሳቅሁ፣ ነቅዬ ላስተካክለው ጎንበስ አልሁ።

እጄን አንጓው ላይ ያዙኝ። ከዚያ በፊት ነክተውኝ አያውቁም።

«ተዪው ልጄ» አሉኝ። «ከሥሩ አለ።»

ወዲያው ገባኝ። ኮሶውን ስተክል ያለሰለስሁት አፈር ስለነበር ለመቆፈር አልከበዳቸውም፤ ጠመንጃውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አጋድመውታል። አዲስ የተቆፈረ አፈር በሌላ ግቢ ቢሆን ያስታውቃል፤ በእኔ ግቢ ግን በዚያ ክረምት አዲስ ያልተቆፈረ ቦታ አልነበረም። ብልህነታቸው ደነቀኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን የአንድ ሽማግሌ ነፍስ በአንዲት ክትክታ ሥር ነበረች።

ብዙ አላረፍንም። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በሩ ተደበደበ። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ወደ ቤት ገብተው ሣጥን፣ ፍራሽ፣ የዱቄት ዕቃ ገለባበጡ። ሦስተኛው አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠቀለለ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ነበር። አልጮኸብኝም፣ አልሰደበኝም፤ ደህና ዋላችሁ ብሎ ነው የገባው። ይበልጥ የፈራሁት እሱን ነው። አማቼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ሰውየው ከመጻሕፍቴ መሐል ደብተሩን አወጣ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠና ረጅም ጊዜ አየው። ያን ጊዜ ነው ደብተሬን በባዕድ ዓይን ያየሁት። ካርታ ነበር። ቤቱ፣ አጥሩ፣ በሩ፣ ሃያ ሁለት ክብ፣ በየክቡ ቁጥር።

ምንድን ነው አለኝ። የተክል መዝገብ ነው አልሁት። ገጹን ገልብጦ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበባቸው፤ ቀጋ፣ አጋም፣ እንዶድ፣ ክትክታ። የገበሬ ልጅ መሆኑ ከአነባበቡ ያስታውቅ ነበር፤ እያንዳንዱን ያውቀዋል። ማወቁ ግን አልረዳኝም፤ ጎዳኝ እንጂ። ቀና ብሎ አየኝና «ሰው ከተማ ተቀምጦ የዱር እሾህ ይተክላል? ተክሎስ ቁጥር ይሰጠዋል?» አለኝ።

ምን ልበለው? ለሰፈሩ፣ ለቀበሌው፣ ለአማቼ ስመልስ የኖርሁት መልስ ሁሉ ነበረኝ፤ ንቡ፣ ወፉ፣ ልጆቹ፣ የጠፋው ቁጥቋጦ። አንዱም በአፌ አልወጣ አለ። አስተማሪ ነኝ፣ ለተማሪዎች ማሳያ ነው አልሁት።

ደብተሩን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ከበሩ ጀምሮ እየቆጠረ፣ ክቡን ከተክሉ ጋር እያመሳከረ ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኔ ከኋላው እከተላለሁ። አማቼ ከበረንዳው አልተነሡም። ዐሥራ ስምንት። ሃያ አንድ። ጥጉ ጋ ደረሰና ቆመ። ደብተሩን አየ፣ መሬቱን አየ፣ እንደገና ደብተሩን አየ።

«እዚህ ላይ አንድ ነው ያለው» አለ። «እዚህ ግን ሁለት ተተክሏል። ሃያ ሁለት የትኛው ነው?»

ገጹን ገለበጠ። በሃያ ሁለት ፊት ባዶ ነው። ለኮሶው ይጽና ብዬ ያልጻፍሁት ስም፣ ያ የማላምንበት ፍርሃቴ፣ አሁን በሰውየው ጣት ሥር ነበር።

ሁለቱ ችግኞች ሁለት እርምጃ ተራርቀው ቆመዋል። ከአንዱ ሥር የሰው ነፍስ አለ፤ ሌላው ሦስት ጊዜ ሞክሬ ያገኘሁት ነው። ብዙ አሰብሁ ማለት አልችልም። እጄ ነው ያሰበው። ወደ ክትክታው አመለከተ።

ይሄ ነው ሃያ ሁለት፣ ክትክታ ነው፣ ስሙን መጻፍ ረስቼ ነው አልሁ። ታዲያ ያኛውስ አለኝ። ያኛው በኋላ የተተከለ ነው አልሁት።

ሰውየው ኮሶው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ያዘው። አወቀው። ኮሶ እዚህ ምን ይሠራል፣ ኮሶ የደጋ አይደለም ወይ ብሎ ለራሱ እንደሚናገር ተናገረ። በእሱ አእምሮ ነገሩ እልባት አገኘ፤ ክትክታ የትም ይበቅላል፤ ኮሶ ግን በቦታው የለም፤ ሰው ምልክት ሊያደርገው ነው እንጂ እዚህ ምን ያመጣዋል? እጁን ኪሱ ከተተና እስክሪብቶ አወጣ። በሃያ ሁለት ፊት «ክትክታ» ብሎ ጻፈ። የእጁ ጽሑፍ የሚያምር ነበር። ከዚያ አማቼን ጠራቸውና ዶማ ይዘው ኮሶውን እንዲቆፍሩ አዘዛቸው።

አማቼ መጡ። ዓይናቸው ከዓይኔ ጋር አልተገናኘም። መጀመሪያ ችግኙን በሁለት እጃቸው ከሥሩ አውጥተው ጎን አስቀመጡት፤ እንደ ገበሬ ነው ያወጡት፣ አፈሩን ሳያራግፉ። ሰውየው በጫማው ገፋ አደረገውና ቶሎ በሉ አላቸው። ቆፈሩ። ሁለቱ ሌሎች ታጣቂዎችም ከቤት ወጥተው ቆሙ። ዶማው በእያንዳንዱ ምት ወደ ክትክታው ሲጠጋ የማውቀውን ሱራ ሁሉ አነበነብሁ። እስከ ወገባቸው ሲደርሱ ላባቸው በጢማቸው ይወርድ ነበር። ፍግ፣ ድንጋይ፣ የቆየ የሣር ሥር ወጣ። ሌላ ምንም የለም።

ሰውየው ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ አየና ደብተሩን ዘጋው። ለእኔ ይመልስልኛል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ጠቀለለና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ይሄ እኔ ጋ ይቆይ» አለ። «እንመለሳለን።»

ወጥተው ሲሄዱ ሁለታችንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥን። አማቼ ኮሶውን አንሥተው መልሰው ተከሉት፤ እኔ አፈሩን ደገፍሁላቸው። በሳምንቱ ቅጠሉ ተጠቀለለ። በሁለተኛው ሳምንት ደረቀ።

እንመለሳለን ያለው ቃል አራት ወር ከእኛ ጋር ኖረ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሌላው ሰው የሚፈራው ተኩሱን ነበር፤ እኔ የምፈራው አንድ ደብተር ነው። ያ ሰው አንድ ቀን ሥራ ፈትቶ ደብተሩን ይገልጥና የሃያ ሁለትን ክብ አይቶ ከክትክታው ይልቅ ለኮሶው ጉድጓድ ቅርብ መሆኑ ይታየዋል እል ነበር። በበሩ የሚያልፍ የእግር ኮቴ ሁሉ የእሱ ነው። ጠመንጃውን አውጥተን ሌላ ቦታ እንውሰደው ብንል በየመንገዱ ፍተሻ አለ፤ እንደገና ቆፍረን እንቅበረው ብንል ክረምቱ ወጥቷል፣ መሬቱ ደርቋል፤ አሁን አዲስ አፈር ከሩቅ ይጮኻል።

ይባስ ብሎ ክትክታው ቢጫ መሆን ጀመረ። ሥሩ በላስቲክ ታፍኗል፣ ከሥሩ ብረት ተጋድሟል፣ ምን ያድርግ? በአረንጓዴ ግቢ ውስጥ አንድ የደረቀ ችግኝ ዓይን ይስባል፤ መዝገብ የያዘ ሰውማ ከሁሉ በፊት እሱን ያያል። መሞት የለበትም አልሁ። ቧንቧው ግን ቀጥ ብሏል፤ ውሃ ከወንዝ በጄሪካን ነው የምንቀዳው። የሚጠጣ ውሃ ጓሮ ድረስ ይዤ ለክትክታ ሳፈስ ጎረቤት ካየኝ ወሬው እስከ ማታ ከተማውን ይዞራል።

መላውን ያመጡት አማቼ ናቸው። አንድ ቀን ማለዳ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውንና የሚቀመጡባትን ድንጋይ ይዘው ወደ ጓሮው ጥግ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን አምስት ጊዜ ክትክታው አጠገብ ተቀምጠው ይታጠባሉ፤ የእጃቸው፣ የፊታቸው፣ የእግራቸው ውሃ ሁሉ ወደ ሥሩ ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ ለሶላት ሲታጠብ ማን ምን ይለዋል? ክትክታው ቀስ በቀስ አገገመ። እኔ ግን አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር፤ ለእሳቸውም ገብቷቸዋል። ያ ውሃ ሁሉ የሚወርደው በአባታቸው ጠመንጃ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በመስኮት ሳያቸው ውሃውን አፍስሰው ሲጨርሱ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አድርገው ቆዩ። አልሐምዱሊላህ ብለው ተነሡ።

ሰፈሩ ደግሞ በዚያን ጊዜ ነው ጫካዬን የወደደው። ሳሙና ጠፋ፤ እንዶድ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ናቸው፤ ልጁ ያተኮሰው ሁሉ ዳማከሴ ይፈልጋል። ያቺ ደህና አይደለሽም ያለችኝ ጎረቤቴ መጥታ የልጄ ትኩሳት አልወርድ አለ፣ ልግባና ልቁረጥ አለችኝ። በሩን በግማሽ ከፍቼ ቆምሁ። ለዓመታት ይህን ቀን ነበር የጠበቅሁት፤ መጥታ ትክክል ነበርሽ እንድትለኝ። አሁን ስትመጣ አላስገባኋትም። ቆይ እዚሁ ላምጣልሽ ብዬ ቆርጬ በበሩ ክፍተት ሰጠኋት። በእግሯ ጓሮውን ረግጣ ላስቲኩን ብታየው፣ አይታም ለአንድ ሰው ብትናገር ብዬ ነው። ቅጠሉን ተቀብላ ፊቴን አየችኝ፤ ምነው እህቴ፣ ጠላሽኝ እንዴ አለችኝ። እሷ ስትሄድ ከበሩ ጀርባ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ በእሷ አይደለም፣ በራሴ ነው።

በታኅሣሥ ታጣቂዎቹ ወጡ። እንደ አመጣጣቸው ሁሉ አወጣጣቸውም በተኩስና በዝምታ ነበር። ሰው ወደ አደባባይ ሲሮጥ እኔና አማቼ ወደ ጓሮ ሄድን። ቢሆንም እሳቸው ሦስት ቀን እንጠብቅ አሉ፤ ይመለሱ እንደሆነ ብለው። በሦስተኛው ቀን ቆፈሩ። ከረጢቱ በስብሶ ነበር። የጠመንጃው ሰደፍ እንደ ረጠበ ዳቦ ይፈረፈራል፤ ብረቱ በዝገት ቀልቷል። መቀርቀሪያውን ሊስቡት ሞከሩ፣ አልሳብ አለ። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ትንሽ ጊዜ ዳበሱት። ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ቀድመው ስለ ኮሶው ጠየቁኝ። ሦስተኛዋ ነበረች አይደል፣ ሁለቱ ሞተውብሽ አሉኝ። አዎ አልሁ። ክትክታውን ከላስቲኩ አውጥተው፣ የተጠማዘዘ ሥሩን በጣታቸው ፈትተው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተከሉት።

ባለቤቴ በጥር ተመለሰ። አማቼ ወደ መርሳ ሄዱ። ጎረቤቴን አስገብቼ ጥጉን አሳየኋት፤ ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። ረጅም ጊዜ አየችውና እጄን ያዘችኝ። ከዚያ በኋላ እንዶዱ የእሷም ሆነ።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። አማቼ ናቸው። በመዳፋቸው የወተት ጣሳ ይዘዋል፤ በጣሳው ውስጥ ሁለት ቅጠል ያላት ኮሶ አለች። በዚያ ዕድሜያቸው ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር ደጋ ድረስ ወጥተው ነው ያመጧት። ዕድሜዬን ስመነጥር ኖሬ አንድ ችግኝ ፍለጋ ተራራ ወጣሁ፤ ሰው ቢሰማ አብዷል ይለኛል ብለው ሳቁ። ጥጉ ላይ አብረን ተከልናት። ላስቲክ የላትም፣ ተመልከቺ ብለው ቀለዱብኝ።

ሲጨርሱ እጃቸውን አራገፉና መዝገብሽን አምጪ አሉኝ። አዲስ ደብተር ገዝቼ ነበር፤ ባለ ካሬ፣ እንደ በፊቱ። አምጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ካርታው የለም፣ ክቡ የለም፤ አንድም ቃል አልጻፍሁበትም።

«በይ ጻፊያት» አሉኝ። «ሃያ ሦስት፣ ኮሶ፣ አባባ ያመጣት በይ።»

እስክሪብቶውን አነሣሁ። በዚያች ቅጽበት መንገዱ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ በራችን ጋ ሲደርስ ቀስ አለ። ደብተሩን በነጠላዬ ሥር ሸጎጥሁት። ጎረቤቴ ነበረች፤ እንዶድ ፈልጋ ነው። ገብታ ሰላም ብላን ወደ እንዶዱ ሄደች። እኔ ግን ደብተሩን መልሼ ማውጣት አልቻልሁም፤ እጄ ከነጠላው ሥር አልወጣ አለ።

አማቼ አዩኝ። አልቀለዱም። እኔም ይቆይ አባባ፣ መጀመሪያ ትጽና አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ፍለጋ ተነሡ።

ኮሶዋ ዛሬ ከእኔ ቁመት አልፋለች። እስካሁን አልጻፍኋትም።